መቃብር አጠገብ ጂኦካሺንግ፦ በጂማ ዙሪያ ገጠር ሳትባረሩ ለመጫወት

ሰው ከመቃብር ቦታ የሚባረረው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጨዋታውን ስለለመደው ነው። ጂኦካሺንግ ሦስት ልማድ ያስለምደናል፦ ሰው ሳያያችሁ ፈልጉ፣ ያለቦታው የተከመረ ድንጋይ ካያችሁ ሥሩን ፈትሹ፣ ያገኛችሁትን ሳጥን መልሳችሁ ደብቁ። ጫካ ውስጥ ሦስቱም ደግ ናቸው። በሰቃ ወይም በዴዶ መንገድ ባለ የገጠር መቃብር ግን ሦስቱም ጣጣ ያመጣሉ። ለነገሩ የገጠር መቃብር ራሱ ያለቦታው የተከመረ ድንጋይ አይደል?

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ አንዱ ትንሽ ሳጥን ያስቀምጥና ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም ቦታውን የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ የጨዋታው አፕ ላይ ይጭናል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ሳጥኑን እዚያው ይመልሳል። በቃ።

እኔ የመጀመሪያ ሳጥኔን ያስቀመጥኩት አንድ የገጠር መቃብር አጥር ሥር ነበር። በጥቁር ፕላስተር የጠቀለልኳት የመድኃኒት ብልቃጥ ናት። ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኛት። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሲከፈት ውስጧ ጥቅል ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ የአራት ሰው ስም ከነቀኑ። መቃብር አጥር ሥር፣ በጥቁር የታሸገ፣ የሰው ስም የሰፈረበት ጥቅል ወረቀት! እዚህ አገር ይህ ነገር ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፦ መተት። አራቱ ሰዎች ጓደኞቼ መሆናቸውን፣ በሕይወት እንዳሉና ምንም እንዳልሆኑ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንድ አዛውንት እስከ መጨረሻው ብልቃጧን በእጃቸው አልነኳትም። በከዘራቸው ጫፍ ነበር ወደ እኔ የሚገፏት።

ከዚያ ወዲህ የምሄደው በአንድ ሕግ ነው፦ መቃብር አጠገብ ምንም ነገር በድብቅ አይደረግም።

ደረጃ 1፦ ቤት ሳላችሁ የሚያልቅ ሥራ

1.1 አፑ ላይ ያለውን የሳጥኑን ገጽ እስከ ታች አንብቡ

አብዛኛው ሰው ኮኦርዲኔቱን ብቻ ገልብጦ ይወጣል። መግለጫውን አንብቡ፣ ከዚያ ፍንጩን፣ ከዚያ ከእናንተ በፊት የሄዱ ሰዎች የጻፉትን የመጨረሻዎቹን አምስት መዝገቦች። የምትፈልጉት ሁለት መልስ ነው፦

- ሳጥኑ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?
- ያስቀመጠው ሰው ከማን ፈቃድ አገኘ?

ሁለተኛው ካልተጻፈ በመልእክት ጠይቁት። መልስ ካልሰጠ ያንን ሳጥን ተዉት። ሌላ ሳጥን አይጠፋም።

1.2 ነጥቡን በሳተላይት ምስል እዩት

የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ ይለያል፦ መሐሉ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዙሪያውን ጽድና ወይራ። የሙስሊም መቃብር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመንደር ወጣ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ተራ የግጦሽ መስክ ይመስላል። ስለዚህ ካርታው ባዶ ቢያሳያችሁም ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ። የአካባቢውን ሰው ስትጠይቁ ብቻ ነው የሚታወቀው።

1.3 ቁጥሩን በትክክል አስገቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጂኦካሺንግ የሚጽፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን ደቂቃው ነጥብ አለው። ለምሳሌ 7 ዲግሪ ከ40.250 ደቂቃ ሰሜን የሚል ነጥብ እንውሰድ።

- ካርታችሁ የሚቀበለው ዲግሪ ብቻ ከሆነ 40.250ን ለ60 አካፍሉና 7 ላይ ደምሩ። 7.67083 ይመጣል።
- ሳታካፍሉ 7.40250 ብላችሁ ካስገባችሁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ትስታላችሁ።
- 40 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ብላችሁ ካነበባችሁት 300 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ትስታላችሁ።

አደገኛው ሦስተኛው ነው። የ30 ኪሎ ሜትር ስህተት መንገድ ሳትጀምሩ ይታወቃል። የ300 ሜትሩ ግን ከመንገድ ዳር ዛፍ አንስቶ መቃብር መሐል ሊጥላችሁ ይችላል። ስልኩ ደግሞ እዚያም ላይ «ደርሳችኋል» ይላችኋል።

ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱት። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ካርታው ግን ካልወረደ ባዶ ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ብቻ ነው የምታዩት።

1.4 ቀንና ሰዓት ምረጡ

ጥሩው ሰዓት የሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ እሑድን ተዉ። የታቦቱንም ወርኃዊ ቀን ተዉ፤ ሚካኤል ከሆነ 12፣ ገብርኤል ከሆነ 19፣ ማርያም ከሆነች 21። መስጊድ አጠገብ ከሆነ ዓርብን ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል ተዉ። ኢድና ዓረፋም እንደዚሁ፤ ሰው ዘመዱን ሊዘይር የሚወጣበት ቀን ነው።

ከ10 ሰዓት በኋላ ፍለጋ አትጀምሩ። ሲመሽ የእጅ ባትሪ እያበራ መቃብር ዙሪያ የሚዞር ሰው ምንም ቢል አይታመንም። ጅቡም አለ።

ሁለት ወቅት ልብ በሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሣሩ ከወገብ ይደርሳል፣ ዝናቡ ያሰጠመው መቃብር አይታይም። ሳታውቁት ትረግጣላችሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማ ነው። ስልክ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቡና ሥር የሚዞር እንግዳ ለጠባቂው ሌባ ነው። ጠባቂው አይፈረድበትም፣ የዓመት ጉሮሮ ነው የሚጠብቀው። በለቀማ ወቅት መቃብሩ በቡና ማሳ የተከበበ ከሆነ ጥር እስኪገባ ጠብቁ።

1.5 የሚያዝና የማይያዝ

ያዙ፦ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ እስክሪብቶ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ጠንካራ ጫማ፣ ውሃ፣ መታወቂያ።

አትያዙ፦ ዶማ፣ ማጭድ፣ ገጀራ፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ ድሮን። ቁጥቋጦ ለመጥረግ ብላችሁ የያዛችሁትን ማጭድ ማንም ለዚያ ነው ብሎ አይገምትም። መቃብር አጠገብ መሣሪያ የያዘ እንግዳ ወይ ቆፋሪ ነው ወይ ወርቅ ፈላጊ።

ደረጃ 2፦ ከመፈለጋችሁ በፊት ጠይቁ

ሳጥኑ ከአጥሩ ውጭ ቢሆንም ጠይቁ። «ውጭ» የምትሉት መስመር የእናንተ ካርታ ላይ ነው ያለው። ለመንደሩ ሰው መቃብሩ የሚያልቀው አጥሩ ጋ ላይሆን ይችላል፤ አጥሩ ከመሠራቱ በፊት የተቀበረ ሊኖር ይችላል።

2.1 ማንን?

- የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ መጀመሪያ ዘበኛውን፣ በእሱ በኩል አስተዳዳሪውን ወይም የሰበካ ጉባኤ አባል።
- የሙስሊም መቃብር ከሆነ ቅርብ ያለውን መስጊድ ኢማም ወይም የመስጊዱን ኮሚቴ።
- የፕሮቴስታንት መቃብር ከሆነ የአጥቢያውን ሽማግሌዎች።
- የማን እንደሆነ ካልታወቀ የእድር ዳኛውን። ማን የት እንደተቀበረ እድር ያውቃል።
- ዙሪያው ማሳ ከሆነ ባለማሳውንም።

ከእነዚህ ሁሉ ሌላ አንድ ሰው አትርሱ፦ ለመቃብሩ ቅርብ የሆነው ቤት። ደጃፍ ላይ ቡና የምታሰጣ እናት ካለች መጀመሪያ እሷን ሰላም በሉ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ የምታየው እሷ ናት። ሰላም ተብላ ከሆነ «የማን ናቸው?» ለሚል ሰው መልስ አላት።

2.2 ምን ብላችሁ?

ጂማ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ይሄዳል። ከከተማ ስትወጡ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እሱ ባይኖር እንኳ በ«አካም ጅርቱ» ጀምሩ፣ በ«ገለቶማ» ጨርሱ። «ጂኦካሺንግ» የሚለውን ቃል አታንሱት፤ ማስረዳት ስትጀምሩ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። እኔ የምለው ይህንን ነው፦

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? የመጣነው ከጂማ ነው። በስልክ ካርታ ቦታ የመፈለግ ጨዋታ አለን። የምንፈልገው ትንሽ የላስቲክ ዕቃ እዚያ መንገድ ዳር፣ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጧል። አንቆፍርም፣ ድንጋይ አናነሣም፣ መቃብሩ ውስጥ አንገባም። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብንም። ቢፈቅዱልን፣ የሚመቸው ሰው ካለም አብሮን ቢሄድ ደስ ይለናል።»

ከሁሉም የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው «አብሮኝ ሰው ይምጣ» አይልም። ብዙ ጊዜ አንድ ጎረምሳ አብሯችሁ ይላካል። እሱ ከጎናችሁ እስካለ ማንም ምንም አይላችሁም።

2.3 እምቢ ካሉ

አመስግኑና ሂዱ። አትከራከሩ፣ «መንገድ የሕዝብ ነው» አትበሉ፣ ዞራችሁ በሌላ በኩል አትምጡ። ማታ ላይ አፑ መዝገብ ውስጥ «የአካባቢው ሰዎች አልፈቀዱም፣ ሳንፈልግ ተመለስን» ብላችሁ ጻፉ። ያስቀመጠው ሰው ሳጥኑን እንዲያነሣው ይረዳዋል።

2.4 ገንዘብ ከተጠየቃችሁ

ፈቃድ በገንዘብ አትግዙ። ነገ የሚመጣውም እንዲከፍል ነው የምታደርጉት። መስጠት ከፈለጋችሁ ለቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት አለ፣ ለመስጊዱ ሰደቃ አለ። በግልጽ፣ ሰው እያየ፣ ከፍለጋው በኋላ ስጡ።

ደረጃ 3፦ አቀራረብ

1. ባጃጁን ወይም ሞተሩን ዋናው መንገድ ላይ አቁሙ። ሙዚቃ ዝጉ። የስልኩን ድምፅ አጥፉ፤ የአፑን «ጢን» ሳይቀር።
2. የስልካችሁ ኮምፓስ ከተዛባ መንገዱ ላይ ሳላችሁ አስተካክሉት። ስልክን በአየር ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እያስያዙ ማወዛወዝ ያስፈልገዋል። ይህንን መቃብር አጠገብ ስታደርጉ የሚያያችሁ ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም።
3. ልብስ፦ ቁምጣ አይሆንም። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ። ጫማ አውልቁ ከተባላችሁ አውልቁ። ሴቶች ወደ መቃብሩ መቅረባቸውን የማይወድ አካባቢ አለ። ከተባለ ወንዶቹ ይፈልጉ፣ ወይም ሁላችሁም ተዉት።
4. ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ አትሁኑ። አሥር ሰው ተበትኖ ሲፈልግ አሰሳ ይመስላል።
5. መቃብሩን አቋርጦ የሚያልፍ የእግር መንገድ ላይ ለመሄድ የግድ ከሆነና ከተፈቀደላችሁ፣ ከተረገጠው መንገድ አትውጡ።

አምስተኛው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከጂማ መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ሙስሊም ፊቱ ወደ ቂብላ ሆኖ በጎኑ ስለሚቀበር የመቃብሩ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል። የኦርቶዶክሱም ባብዛኛው ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወይም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ በመቃብሮቹ መካከል ታልፋላችሁ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ስታቋርጡ ግን በላያቸው ላይ ነው የምትሄዱት። ሣር የሸፈነው ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ ብቻ ካያችሁ፣ አካሉ በየት በኩል እንደተዘረጋ የምትገምቱት በዚህ ነው። ገጠር ውስጥ ብዙው መቃብር ስም የለውም፣ ራስጌና ግርጌ የተተከለ ድንጋይ ነው ያለው።

ደረጃ 4፦ ፍለጋው

1. 20 ሜትር እስኪቀር የአፑን ቀስት ተከተሉ። ከዚያ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ። የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ እንኳ እስከ 5 ሜትር ይስታል፣ ዛፍ ሥር ከዚያም ይብሳል። ከ10 ሜትር ወዲህ ቀስት መከተል ወዲያና ወዲህ ያንከራትታችኋል፤ ያ መንከራተት ነው መቃብር ላይ የሚያስወጣችሁ።
2. ቆማችሁ በዓይን ፈልጉ። ፍንጩ «ዛፍ» ካለ ዛፉን፣ «አጥር» ካለ አጥሩን።
3. በእጅ የምትነኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የዛፍ ጉድጓድ፣ የእንጨት አጥር፣ የመንገድ ዳር ምሰሶ። ጉድጓድ ውስጥ እጅ ከማስገባታችሁ በፊት በስልክ መብራት እዩ። እባብም ንብም ቤቱ እዚያ ነው።
4. ድንጋይ አታንሡ። አንድም። ትንሽም ብትሆን። ከአጥር ውጭ ያለችም ብትሆን። ራስጌ ላይ የነበረችን ድንጋይ ካነሣችሁ የአንድን ሰው መቃብር ምልክት አጠፋችሁ ማለት ነው፤ ያቺ ድንጋይ ከተንከባለለች ልጆቹ አባታቸው የት እንዳለ አያውቁም።
5. አፈር አትጫሩ፣ ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ ወይም የተቀመጠ ዕቃ አትንኩ።
6. 15 ደቂቃ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ቁሙ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ድንጋይ ማንሣት ይጀምራል። ከራሴ ነው የማውቀው።

ቀስቱ መቃብር ላይ ከወሰዳችሁስ? ኮኦርዲኔቱ ወይ በእናንተ አገባብ ወይ በባለቤቱ አለካክ ተሳስቷል። አስገብታችሁት የነበረውን ቁጥር እንደገና አረጋግጡ። ትክክል ከሆነም አትቀጥሉ። ሳጥኑ በእርግጥ እዚያ ከተቀመጠም የእናንተ ሥራ ማግኘት አይደለም። ለባለቤቱ መጻፍ ነው።

ደረጃ 5፦ ሳጥኑ ሲገኝ

አብሯችሁ ለመጣው ሰው አሳዩት። ይክፈተው፣ ይየው፣ ይሳቅበት። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ፤ መቃብር ላይ ተቀምጦ መጻፍ አይሞከርም። ሳጥኑን በነበረበት መንገድ፣ በነበረበት ቦታ መልሱ።

ፎቶ ላይ ሦስት ነገር አይግባ፦ የመቃብር ጽሑፍ፣ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው፣ የአካባቢው ልጆች ፊት። ሳቅ ያለበት ሰልፊ ደግሞ ከበስተጀርባው መቃብር ካለ አታንሡት።

መዝገቡ ላይ ለሚቀጥለው ሰው የሚጠቅመውን ጻፉ፦ ማንን እንደጠየቃችሁ (ስም ሳይሆን ኃላፊነት)፣ በየት በኩል እንደገባችሁ፣ ምን ሰዓት እንደሚሻል። «ቀላል ነበር፣ ማንም አላየንም» ብላችሁ አትጻፉ። ቀጣዩ ሰው ሳይጠይቅ ይገባል።

ደረጃ 6፦ የራሳችሁን ሳጥን ማስቀመጥ

ሳጥኑ መቃብሩ ውስጥ አይገባም። ፈቃድ ቢሰጣችሁም አይገባም፤ የፈቀዱት አባት ነገ ይቀየራሉ፣ ሳጥኑ ግን ይቀራል። ሰዎች ያንን ጸጥ ያለ ቦታ እንዲያዩት ከፈለጋችሁ ሁለት እርከን ያለው ጨዋታ ሥሩ፦ መጀመሪያው እርከን በሩ ጋ መቁጠር፣ ሁለተኛው ሳጥኑ ራቅ ብሎ።

6.1 የሚቆጠረውን ምረጡ

ውጭ አገር ከመቃብር ድንጋይ ላይ ዓመተ ምሕረት አንብቦ መደመር የተለመደ ነው። እዚህ አታድርጉት። ቤተሰቡን ሳትጠይቁ የሰው ሞት ለእንቆቅልሽ አይሆንም። ከውጭ ሆኖ የሚታይ ነገር ቁጠሩ፦ የበሩ የብረት ዘንጎች፣ ወደ በሩ የሚያወጡ ደረጃዎች።

ዘንጎቹ 14፣ ደረጃዎቹ 6 ናቸው እንበል። በሩ 40.250 ደቂቃ ላይ ከሆነ ለተጫዋቹ «ዘንጎቹን በደረጃዎቹ አባዝተህ 250 ደምር» በሉት። 84 ሲደመር 250፣ 334 ይመጣል። አዲሱ ነጥብ 40.334 ነው፣ ከበሩ 155 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን።

6.2 የተሳሳተውንም መልስ ፈትሹ

ይህንን ማንም አያደርገውም፣ ዋናው ግን ይህ ነው። ተጫዋቹ ደረጃውን 7 ብሎ ቢቆጥር 348 ያገኛል፤ 180 ሜትር ገደማ። ዘንጉን 13 ቢል 328፤ 144 ሜትር። እነዚህንም ነጥቦች ካርታ ላይ አስቀምጧቸው። አንዱ እንኳ መቃብር ላይ ከወደቀ ቀመሩን ቀይሩ። ቀላሉ ዘዴ ሳጥኑን ከመንገዱ ማዶ፣ መቃብሩ በሌለበት በኩል ማድረግ ነው።

6.3 ነጥቡን ለኩ

ስልኩን ቦታው ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ቁጥሩን ጻፉ። በሦስት የተለያየ ቀን ድገሙትና አማካዩን ውሰዱ። የደቂቃው ሦስተኛ አሃዝ አንድ ሲቀየር መሬት ላይ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። 10 ሜትር ብትስቱ ተጫዋቹ ያንን ሁሉ ይፈትሻል።

6.4 ዕቃው

- ውስጡ የሚታይ ነጭ የላስቲክ ዕቃ። ጥቁር ፕላስተር በፍጹም!
- በላዩ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛም በቁቤ፣ እንዲህ ይጻፍ፦ «ይህ የጨዋታ ዕቃ ነው። ጉዳት የለውም። የተቀመጠው በባለቦታው ፈቃድ ነው። ካስቸገረ እዚህ ቁጥር ይደውሉ።» ከዚያ ስልካችሁ።
- የመዝገቡ ወረቀት ተጠቅልሎ ሳይሆን እንደ ደብተር ተሰፍቶ፣ ፊቱ ላይ «የጎብኝዎች መዝገብ» ተብሎ ይግባ። የስም ዝርዝር ርዕስ ከሌለው ሰው የራሱን ርዕስ ይሰጠዋል። የእኔን አይታችኋል።
- ምግብ፣ መድኃኒት፣ ክር፣ ጌጣጌጥ፣ ሳንቲም አታስገቡ። ምግብ በጨዋታው ደንብም የተከለከለ ነው። ክርና ሳንቲሙ ግን እዚህ አገር ሌላ ትርጉም ስላለው ነው።

6.5 ፈቃድና ደንብ

ባለመሬቱን ጠይቁ፣ የመቃብሩን ኃላፊዎችም ጠይቁ፣ ሁለቱም ቦታውን ሄደው ይዩት። ማን እንደፈቀደ በኃላፊነታቸው ገጹ ላይ ጻፉ፤ ገጹን የሚያጸድቀው በጎ ፈቃደኛ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከሌላ ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። ዛፍ ላይ ምስማር አይመታም። ሱቅ አጠገብ ከሆነም ተጫዋቹ ባለሱቅ እንዲያነጋግር ወይም ዕቃ እንዲገዛ ማስገደድ ደንቡን ይጥሳል። መቆፈርን በተመለከተ ደንቡ ከባለቦታው ግልጽ ፈቃድ ይፈልጋል። መቃብር አጠገብ ግን ፈቃድ አግኝታችሁም አትቆፍሩ።

ነገር ሲበላሽ

ሰው ከተሰበሰበባችሁ። ቁሙ። አትሩጡ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ አትደብቁ። እጃችሁ ይታይ። ከመሐላቸው በዕድሜ ትልቁን ፈልጋችሁ ለእሳቸው ብቻ ተናገሩ፣ ስልኩን በእጃቸው ስጡና ካርታውን አሳዩ። ከፈቀደላችሁ ሰው ጋር ስልክ ተለዋውጣችሁ ከሆነ አሁን ደውሉ። ለዚህ ነው ሲፈቅዱላችሁ ቁጥር መቀበል ያለባችሁ።

የቀብር ሰልፍ ከመጣ። ፍለጋው እዚያው ያልቃል። ከመንገዱ ወጥታችሁ ቁሙ፣ ባርኔጣ አውልቁ፣ እስኪያልፉ ጠብቁ። ማንንም የማታውቁ ቢሆንም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ይዘንላቸው» ማለት ይቻላል። ቀብሩ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ፍለጋ አትቀጥሉ። ሌላ ቀን ኑ።

ድንጋይ ከተንሸራተተ ወይም መቃብር ከተረገጠ። ራሳችሁ መልሳችሁ አታስተካክሉት። የት እንደነበረ አታውቁትም። ፈቃድ ወደሰጣችሁ ሰው ሄዳችሁ ንገሩ፣ አብራችሁ ተመለሱ፣ እሳቸው እንዳሉት ይሁን። ደብቃችሁ ከሄዳችሁና በኋላ ከታወቀ፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ማንም ተጫዋች እዚያ መንደር አይገባም።

ልጆች ከተከተሏችሁ። አታባርሩ፣ ብር አትስጡ። «መንገዱ ላይ ጠብቁን፣ ስንጨርስ እናሳያችኋለን» በሏቸው፣ ከዚያም የስልኩን ካርታ አሳዩአቸው። ሳጥኑ ያለበትን ግን ለልጆቹ አታሳዩ፤ በማግስቱ አይገኝም።

ሳጥኑ ከሌለ። አፑ ላይ «አልተገኘም» ብላችሁ መዝግቡ፣ በቃ። በጠፋው ፈንታ የራሳችሁን ዕቃ አስቀምጣችሁ «ተካሁት» አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው አንድ ሰው ስላልወደደው ነው።

ፈቃድ የሰጣችሁ ሰው ሐሳባቸውን ከቀየሩ። ምክንያት አትጠይቁ። በማግስቱ ሂዱ፣ ሳጥኑን አንሡ፣ ሽቦም ክርም እንዳይቀር እዩ፣ ገጹን ዝጉ። ከዚያ ባዶውን ቦታ ለእሳቸው አሳዩአቸው፣ ሳጥኑንም ከፍታችሁ። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። አዛውንቱ በከዘራቸው ሣሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «ግቡ፣ ቡና ተፈልቷል» አሉ።